ለየበሩ የላክኩት ሳህን

ያን ዓርብ እቤቴ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። እኔ፤ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ትልቋ ልጄ፤ አምስት ዓመቱን ገና የያዘው ወንዱ ልጄ፤ የጎረቤቴ ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ፤ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ላይ ደግሞ ግራ እጇን በነጠላ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ጎረቤቴ፣ የልጅቷ እናት። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። ከቤት ውጭ፣ በግቢው መግቢያ አጠገብ፣ የጎረቤቴ ባል ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጧል። እሱንም ከነበሩት ጋር እቆጥረዋለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ፣ እኛ ክፍል ውስጥ ያልነበረበት ሰዓት አልነበረም።

ቤታችን ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባ ቀጭን መንገድ ላይ ያለ የቀበሌ ግቢ ነበር። አምስት በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። የሱ ክፍል መግቢያው ላይ ነው፤ የኔ መጨረሻው ላይ፣ ከቧንቧው ጀርባ። ከግቢው ለመውጣት የግድ በሱ ጉልበት አጠገብ ማለፍ ነው። ማታ የውጩን በር ቆልፎ ቁልፉን ይዞ የሚያድረውም እሱ ነበር፤ ሌባ ሲበዛብን እኛው ተሰብስበን የሰጠነው ኃላፊነት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሚስቱን በጎማ መፍቻ ብረት መታት። ቡልጋሪያ አካባቢ ጋራዥ ስለሚሠራ እንዲህ ያለ ብረት ከቤቱ አይጠፋም። ድብደባው ለግቢው አዲስ አልነበረም። እሱ ሲጀምር ሁላችንም ሬዲዮ ከፍ እናደርጋለን። እኔም አደርግ ነበር። ልጆቼ እንዳይሰሙ ነው እል ነበር እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር እኔው መስማት ስለማልፈልግ ነው። የዚያን ቀን ግን ብረቱ አጥንት ሲያገኝ ያወጣውን ድምፅ ሬዲዮው አልሸፈነውም። ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ከዚያ በሩን አላትሞ ወጣ። እሷ ልጇን ይዛ እኔ ጋ መጣች። ትንፋሽ እስኪመለስላት ድረስ አረፍ ብላ ልትሄድ ነበር። እሱ ግን ቶሎ ተመለሰ። ቤቱ ባዶ ሲሆንበት ከግቢ የወጣች መሰለው፤ በርጩማውን አውጥቶ ተቀመጠ።

«ልብሷን ልትወስድ ትመጣለች» አለ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ስትመጣ በእግሯ አትወጣም።»

እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና በስልኳ ኮምቦልቻ ላለው ወንድሟ እያንሾካሾከች ነገረችው። ወንድሟ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዎች ጋር እደርሳለሁ አለ። ፖሊስ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለቱንም ጊዜ በሽማግሌ ታርቃ ወደዚያው ቤት ተመልሳ ስለነበር፣ ሦስተኛ ጊዜ እንድጠራ አልፈለገችም። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ጠዋት እናትና ልጅን ሳያይም ሳይሰማም ማቆየት የኔ ሥራ ሆነ። ካገኛት ይገድላታል። ይህን የምጽፈው፣ ሰው ሲናደድ እንደሚለው ብዬ አይደለም።

ትልቅ ሰው ዝም በል ቢሉት ዝም ይላል። ሦስት ልጆችን አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ዝም ማሰኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነበር። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው የተማርኩት፤ ልጅን በመጽሐፍ ማጫወት አላውቅበትም። በሊጥ ግን አውቅበታለሁ። እጁ ሊጥ የያዘ ልጅ አፉን ይረሳዋል።

ረቡዕ ዳቦ ቆሎ ሠራን። ፉርኖ ዱቄት በትንሽ በርበሬ፣ በስኳር፣ በጨውና በዘይት ጠንከር አድርጌ አቦካሁ። ልጆቹ በመዳፋቸው እያሹ እንደ ገመድ አስረዘሙት። ቢላ ለልጅ አልሰጥም፤ ጫፉ ዶልዶም መቀስ ሰጠኋቸው። በሽምብራ መጠን እየቆረጡ ትሪው ላይ ይጥላሉ። እኔ በትንሽ እሳት መጥበሻ ላይ እያገላበጥኩ አደርቃለሁ። ብዙ ሰዓት የሚወስድ ሥራ ስለሆነ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የጎረቤቴ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መቀሱን እየጨመቀች፣

«ይሄ የአባዬ ጣት ነው» አለች።

ወንዱ ልጄ አፉን በክንዱ ሸፍኖ ሳቀ። «ይሄ ደግሞ አፍንጫው ነው።»

«አፍንጫው ይቆይ» አለችው። «ጣቶቹ አላለቁም።»

ልቆጣ ይገባኝ ነበር። አልተቆጣሁም።  ትሪው እስኪሞላ ድረስ የአባቷን ጣቶች ቆረጠች፤ ሲደርቅም በላችው።

ሐሙስ ኦቾሎኒ በስኳር አደረግን። ልጆቹ ቀዩን ልጣጭ ይልጣሉ፤ ስኳሩን የማቀልጠው እኔ ብቻ ነኝ። የቀለጠ ስኳር ቆዳ ላይ ከያዘ አይላቀቅም፤ ስለዚህ ምድጃው ዙሪያ ወለሉ ላይ በከሰል መስመር አሰመርኩ። «ከዚህ መስመር ያለፈ ሥራ የለውም» አልኳቸው። እኔ እንዲህ ነኝ። የድስት እጀታ ወደ ሰው አላዞርም፤ ውሃ ከፈላ ልጆቼን ከክፍሉ አስወጣለሁ። ባሌ፣ «አንቺ በሻይም አቃጥላቸዋለሁ ብለሽ ትፈሪያለሽ» እያለ ያሾፍብኛል።

ያን ዕለት እማማ መጡ። እማማ የምንላቸው መካከለኛው በር ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ድሮ ከወሎ የመጡ፣ በዱላ የሚሄዱ እናት ናቸው። በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩባቸው።

«ልጆችሽን ምን ነካብኝ? ሁለት ቀን ድምፃቸው የለም። አመማቸው?»

«ሊጥ ይዘው ነው እማማ።»

«ሊጥ አፍ ይዘጋል?»

«የልጅ አፍ ይዘጋል።»

«ሟቹ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ይህን ባውቅ ኖሮ አንድ ኩንታል አቦካ ነበር» አሉና ወደ ውስጥ ሳያዩ ዞሩ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። «የሽንት ባልዲሽን በማለዳ ስትደፊ ሸፍነሽው ውጪ። የሦስት ሰው ባልዲ አይደለም።» ከዚያ በሱ በር በኩል፣ ሰላም እያሉት፣ ስለ ዝናቡ እያማረሩለት አለፉ። ማወቃቸውን አወቅኩ፤ አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀረን።

ዓርብ ከሰዓት ዝናቡ ቆመ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስንት ሹክሹክታ የሸፈነልን ዝናብ ነበር። ከላያችን ያለውን ሰፈር የሚያፈርሱት ማሽኖችም ጸጥ አሉ። ግቢው ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ ይሰማ ጀመር። ልጆቹ ሰለቻቸው፤ ወንዱ ልጄ ግድግዳውን በእግሩ መምታት ጀመረ። ረዘም የሚል ሥራ ያስፈልገኛል ብዬ ቦምቦሊኖ ለመሥራት ወሰንኩ።

ጾም ስለሆነ ወተትና እንቁላል የለውም። ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ለብ ያለ ውሃ። ልጆቹ በየተራ አሹት፤ «በጥፊ በሉት» ስላቸው ደስ አላቸው፤ ከሁሉም አጥብቃ የመታችው የጎረቤቴ ልጅ ናት። ኩፍ እስኪል በፎጣ ሸፍነን ጠበቅን። ከዚያ የኔዎቹ በብርጭቆ አፍ ክብ እየቆረጡ፣ በጠርሙስ ክዳን መሃሉን ይበሱ ጀመር። የጎረቤቴ ልጅ ክብ አልሠራችም። ሊጡን ሦስት ቀጭን ገመድ አድርጋ፣ እንደ ፀጉር ጎንጉና፣ ጫፉን ወደ ሥር አጥፋ ደበቀችው። እናቷ ከማግባቷ በፊት ኬክ ቤት ትሠራ ነበር፤ እሷ ናት ያስተማረቻት። በጣም ያምር ነበር። ሁለት ሠራች።

ዘይቱ ሲግል ከመስመሩ ማዶ አቆምኳቸውና እየጠበስኩ አወጣሁ። ሽታው ወጣ። ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ዳቦ ቆሎና ኦቾሎኒ ሽታቸው እቤት ይቀራል። የቦምቦሊኖ ግን በቆርቆሮው ክፍተት ወጥቶ ግቢውን ሞላው። እኛ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሽታው የደረሰበት በር ሁሉ መቅመስ አለበት። ሳይላክለት የቀረ ቤት ይቀየማል፤ አልቀየምም ቢልም ለምን ተዘለልኩ ብሎ ያስባል። እኔ የፈራሁት ይህን ማሰቡን ነው። ለሦስቱ በር ልኬ የሱን ብዘለው፣ ያን ሁሉ ሰዓት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ምክንያቱን መፈለግ ይጀምራል። ስለዚህ ለሱም ለመላክ ወሰንኩ። ጥንቃቄ መስሎኝ ነው።

አራት ሳህን ደረደርኩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ሦስት። ለሰው የሚላከው ያማረው ነው፤ የተሰነጠቀውና ያረረው ለቤት ይቀራል። እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ፤ እጄ ሳያስብ ነው የሚመርጠው። በሶፍት ሸፈንኳቸውና ትልቋን ልጄን ጠራኋት።

«ምን ትያለሽ?»

«እማዬ ቅመሱ ብላለች እላለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ከጠየቀሽስ?»

«ድስት ጥዬ መጥቻለሁ ብዬ እሮጣለሁ። እማዬ፣ ስንቴ ትጠይቂኛለሽ፤ በቃ ገባኝ።»

ሄደች። የመጨረሻው የሱ ነበር። ስትመለስ አልሮጠችም፤ ቀስ ብላ ገብታ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

«ምን አለሽ?»

«ምንም። ሶፍቱን ገለጠና አየው። ከዛ አንዱን አነሳና ገልብጦ ከሥሩ አየው።»

«በላው?»

«አልበላውም። ይቺን ሹሩባ ማን ሠራት አለኝ። ድስት ጥዬ መጥቻለሁ አልኩትና መጣሁ።»

ትሪውን አየሁ። ክቦቹ ብቻ ናቸው የቀሩት፤ አንዱን ሹሩባ ለእማማ፣ አንዱን ለሱ ልኬዋለሁ። መጋረጃው ተገለጠ። ጎረቤቴ ቆማለች፤ ከንፈሯ ነጭ ነው።

«ኬክ ቤት ሳለሁ እሱን እየበላ ነው ያወቀኝ» አለች። «ጫፉን የማጥፈውን ያውቀዋል።»

መቀርቀሪያውን ወረወርኩ። ወዲያው ተንኳኳ፣ በጣት፣ በጨዋ ደንብ።

«እንደምን ዋልሽ ጎረቤት። ሳህን ልመልስ ነው።»

«ደጁ ላይ አስቀምጠው። እጄ ዘይት ነው።»

«ባዶ ሳህን ደጅ ላይ ይቀመጣል? ነውር አይደለም? የሚሞላበት ነገር ይዣለሁ እኮ።» ሳቀ። «ሹሩባ ሠሪዋ ወጥታ ትቀበለኝ።»

 ሳህኑ ግድግዳው ላይ ተከሰከሰ። ከዚያ በሩን በእግሩ መታው። መቀርቀሪያው ጠንካራ ነበር፤ ግድግዳው ግን ጭቃ ነው። በሦስተኛው በሩ ከነመቃኑ ተነቅሎ ወደ ውስጥ ወደቀ። ብረቱን በቀኝ እጁ ይዟል።

ወንዱ ልጄ አልጋ ሥር ገባ። ትልቋ በወደቀው በር ላይ ዘላ ወጥታ ግቢው መሃል ኡኡታዋን አቀለጠችው። እሱ ወደ ሚስቱ ሄደ። የተሰበረውን እጇን መርጦ ነው የያዘው። ጎትቶ ሲጥላት ሊጥ የነበረበት ትሪ ተገለበጠ፤ ዱቄቱ ላይ ወደቀች። በእግሩ ሆዷን መታት። በብረቱ ትከሻዋን፣ ከዚያ ጀርባዋን። አልጮኸችም፤ በያንዳንዱ ምት ትንፋሿ ሲወጣ ብቻ ነው የምሰማው። ስትወድቅ ከተፈነከተ ጭንቅላቷ የወረደው ደም ዱቄቱ ላይ እየተንጠባጠበ ቡኮ ይሆን ነበር። ልጅቷ እየዳኸች ሄዳ የአባቷን ግራ እግር ተጠመጠመችና ጭኑን ነከሰችው። ሊያራግፋት ሞከረ፤ አልተላቀቀችም። ብረቱን ከፍ አደረገ። በማን ላይ ሊያሳርፈው እንደነበር አላውቅም። እናቲቱ ጭንቅላቷን አላነሳችም።

ዘይቱ ያለበትን ድስት በሁለት እጄ ከምድጃው አነሳሁ። እጀታው እጄን ሲያቃጥለኝ አልተሰማኝም። ልጅቷን አላየኋትም ብል ውሸት ነው። አይቻታለሁ። አይቻት ደፋሁት።

ዘይቱ ከቀኝ ጭኑ እስከ እግሩ ጣት ያዘው። ብረቱ ከእጁ ወደቀ። የጮኸው ጩኸት እስከ አስፋልቱ ተሰምቷል ይላሉ። ልጅቷም ጮኸች። ዘይቱ በሱ ጉልበት ላይ ተረጭቶ ቀኝ እጇን፣ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ ድረስ አግኝቷታል።

ሁለት ወንዶች ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አላውቅም። አንደኛው፣ «የባልና ሚስት ነገር ስለሆነ እኮ…» ሲል ሰማሁት። እማማ ከኋላው መጥተው በዱላቸው ጀርባውን አሉት።

«ሱሪ የታጠቃችሁት ለምንድን ነው? ለሙቀት ነው?»

ያኔ ነው ገብተው የያዙት። እሱ መሬት ላይ እየተንፈራገጠ ሱሪውን ከቆዳው ሊያላቅቅ ይሞክር ነበር።

ግቢው በሰው ሞላ። አንዷ እንቁላል ቀቢያት ትላለች፤ አንዷ የጥርስ ሳሙና። እናቲቱ ሁሉንም ገፍታ፣ ፊቷ በደም ተሸፍኖ፣ በደህና እጇ ልጇን ወደ ቧንቧው ወሰደቻት። እኔ ቧንቧውን ከፈትኩ። የልጅቷ እጅ ላይ ቆዳው እንደ እርጥብ ወረቀት ተሸብሽቧል። ውሃው ሲነካው ጩኸቷን አቆመችና አየችኝ።

«እትዬ፣ እኔ ምን አደረግኩሽ?» አለችኝ።

ክርኗን ከውሃው ሥር ያዝኩላት።  እናቷ፣ «እሷ ናት ያተረፈችን፤ ዝም በይ» አለቻት። ልጅቷ ግን አላመነቻትም፤ ፊቷ ላይ አይቻለሁ።

ቅዳሜን መጠበቅ ቀረ። እማማ የራሳቸውን ትልቅ ሻርፕ አውልቀው እናቲቱን ሸፈኗት፤ ሁለቱንም በባዶው ደጃፍ በኩል አሳልፈው አስፋልቱ ድረስ ወስደው ታክሲ ውስጥ አስገቧቸው። ሐኪም ቤት ውሰዳቸው አሉት ሹፌሩን፤ የትኛው እንደሆነ አላሉትም። ስልኳ እኔ ቤት ወለል ላይ ተረጋግጦ ተሰብሮ ነበር። የወንድሟ ቁጥር ከስልኩ ሌላ የትም አልተጻፈም።

ፖሊስ መጣና እኔን ይዞኝ ሄደ። ሁለት ቀን ጣቢያ አደርኩ። ልጆቼ እማማ ዘንድ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ እንዳለው ደርሷል፤ የተነቀለ በርና በደም የቦካ ዱቄት ነው ያገኘው። እማማ የሆነውን ነገሩት፤ በየሐኪም ቤቱ እፈልጋታለሁ ብሎ ወጣ። ስልክ ቁጥሩን መቀበል አላሰቡም። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። አግኝቷቸው ይሁን፣ ሳያገኛቸው ቀርቶ ይሁን፣ ማንም አላወቀም።

ጎረቤቶቹ ስለመሰከሩልኝ ክሱ ብዙ አልሄደም። እሱ ከሐኪም ቤት እያነከሰ ወጣ። እቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «የት ሰደድሻቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ያን ጊዜ ባለማወቄ አምላኬን አመሰገንኩ። ሰው ሲነግረኝ አሁን ቄራ አካባቢ ነው የሚሠራው።

ግቢያችን ፈርሷል። የኛም ተራ ደርሶ አምስቱም በር ተነሳ፤ እያንዳንዳችን ወደተለያየ ኮንዶሚኒየም ሄድን። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። እማማ ከተማው ሌላ ዳር ወደ ዘመድ ሄደው ባለፈው ዓመት አረፉ። ጎረቤቴ ልትፈልገኝ ብትመጣ እንኳ፣ እዚያ ያለው አሁን ሰፊ መንገድና የተተከለ ሣር ነው፤ የሚጠይቁት ሰው የለም። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው። የማንንም ስም ያልጻፍኩት ደግሞ እሱም ማንበብ ስለሚችል ነው።

ከልጆቼ ጋር ዛሬም ሊጥ እንይዛለን። ዳቦ ቆሎ፣ ብስኩት፣ በምድጃ የሚጋገረውን ሁሉ። ዘይት አንጠብስም። ትልቋ አንድ ቀን፣ «እሷ ግን እጇ ዳነ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት አቅቶኝ፣ ዳነ አልኳት።

ልጅቷ አሁን አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ጠይም ናት፤ የላይኛው የፊት ጥርሷ ትንሽ ይደራረባል። ቀኝ እጇ ላይ ከጣቷ እስከ ክርኗ ጠባሳ ይኖራል። የምታውቋት ካላችሁ፣ የት እንዳለች አትንገሩኝ፤ ለማንም አትንገሩ። በሕይወት መኖሯን፣ ጣቶቿ ይታጠፉ እንደሆነ፣ እስክሪብቶ መያዝ ትችል እንደሆነ፣ እሱን ብቻ አሳውቁኝ።